ደም በጫጩት ሳጥን፦ ከድሬዳዋ እስከ ዲክሲስ

አሰላ እንደምሄድ ለአክስቴ ስነግራት መጀመሪያ ያለችኝ «ሩጫ ልትለማመጂ ነው?» ነው። አልፈረድኩባትም። እኛ ድሬዎች ስለ አርሲ የምናውቀው ስንዴና ሯጭ ብቻ ነው። ለሩጫ አይደለም፣ ደረጃ መውጣት ያቃታቸውን ሰዎች ፍለጋ ነው ብላት ደግሞ ይባስ ሳቀች። «ደረጃ መውጣት ለሚያቅተው ሰውማ አሰላ ድረስ ምን አስኬደሽ? እኔ አለሁልሽ አይደል እንዴ አቦ!» አለችኝ። ከተመለስኩ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ እየመጣ ይጠይቀኛል። እኔ ደግሞ ደስ ያለኝን ነገር ሳወራ መሃሉን አስቀድሜ መጨረሻውን አስከትላለሁ፣ መነሻውን እረሳዋለሁ። ስለዚህ ከመነሻው ይዤ ልጻፈው።

ሥራዬ የሕክምና ምርምር ነው። የማጠናው ሕመም የሳንባ ደም ግፊት ይባላል። ደም ግፊት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ክንድ ላይ ታስሮ የሚለካውን ነው፤ ይሄኛው ግን ከልብ ወደ ሳንባ በሚሄዱት የደም ሥሮች ላይ ብቻ የሚነሣ ግፊት ነው። የሥሮቹ ግድግዳ እየወፈረ መተላለፊያው እየጠበበ ሲሄድ ልብ ደሙን ለመግፋት ስትታገል ትደክማለች። ሰውየው ክንዱ ላይ ሲለካ «ደህና ነህ» ይባላል፤ ዳገት ሲወጣ ግን ትንፋሹ ይቆረጣል። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ የነጭ የደም ሕዋሳት ነገር ነው። እነዚህ ጠባቂዎቻችን ናቸው፤ ቁስል ሲጠራቸው ከደም ሥር ሾልከው ወጥተው ይደርሳሉ። በዚህ ሕመም ግን ቁስል ሳይኖር የሳንባ ደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ገብተው ይሰፍራሉ፣ ግድግዳው እንዲወፍርም ያግዛሉ። ግድግዳው ነው የሚጠራቸው ወይስ እነሱን ቀድሞውኑ መንገድ መንገድ ይላቸዋል?

ይህን የምናይበት ዘዴ ለማስረዳት አይከብድም። በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ያሉት ወንፊት የተገጠመላት ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ አለች። ከወንፊቱ በላይ ሕዋሳቱን፣ ከታች ደግሞ እነሱን የሚጠራ ማባበያ ፈሳሽ እናደርጋለን። ከዚያ ምን ያህሉ አልፈው እንደሚወርዱ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ሕዋሳቱ በሕይወት ያሉ፣ ደሙም ገና የተቀዳ መሆን አለበት። ለዚህ ነው ደሙን ወደ ድሬ ከማስመጣት እኔው ወደ ደሙ የሄድኩት።

ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ተነሣሁ። ዕቃዬ ቤት የምቀይር ያስመስለኝ ነበር፦ ማይክሮስኮፑ በእንጨት ሳጥኑ፣ ደም እያሽከረከረች የምትለይ ትንሽ ማሽን፣ ኩባያዎቹ፣ ማባበያው ደግሞ በበረዶ ሳጥን። ማባበያው ስንጠብቀው ከርሞ ከውጭ አገር የመጣ፣ ለሁለት ሙከራ ብቻ የሚበቃ ስለነበር ለመጠባበቂያ ሌላ ሳጥን ሙሉ በረዶ ያዝኩ። የድሬ ሰው መንገድ ሲወጣ የሚፈራው ሙቀትን ነው። ሌላ የሚፈራ ነገር ሊኖር እንደሚችል ለአፍታ እንኳ አልታየኝም።

ቁልቢን አልፈን፣ ጭሮን አልፈን፣ አዋሽ ስንደርስ ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ እግራቸውን አንሥተው «ልጄ፣ ዓሣ ነው የጫንሽው?» አሉኝ። በረዶው ቀልጦ በወንበሩ ሥር ሄዶ ጫማቸው ውስጥ ገብቷል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ስለ ሕመሙና ስለ በረዶው ነገርኳቸው። ምሳ በልተን ስንመለስ ሽማግሌው የሉም። ሾፌሩ ጥሩምባውን ሲያስጮህ ቆይቶ ሊሄድ ሲል፣ ከለስላሳ መሸጫ የለመኑትን አንድ ፌስታል በረዶ ተሸክመው በረጠበ ካልሲያቸው እያዘገሙ መጡ። «የሳንባ መድኃኒት ከሆነ መቅለጥ የለበትም» አሉና ፌስታሉን ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። መድኃኒት አለመሆኑን ለማስረዳት አንጀቴ አልቻለም።

ያን ቀን አዳማ አደርኩ። የአዳማ ሙቀት የቤቴን ስለሚመስል አንሶላ ብቻ ለብሼ ተኛሁ።

ማክሰኞ ጠዋት በሚኒባስ ወደ አሰላ። እስከ ዴራ ድረስ አገሬ ነኝ፤ ግራር፣ ፍየል፣ አቧራ፣ ከመንገዱ ዳር ጥላ ሥር የተቀመጠ ሻጭ። ከዚያ መኪናው ዳገቱን ሲጀምር ተሳፋሪው አንድ በአንድ መስኮት መዝጋትና ጃኬት መልበስ ያዘ። እኔ በስስ የድሬ ቀሚስ፣ በሽቲ ነኝ። ኢተያ ስንደርስ የስንዴው ማሳ በሁለቱም በኩል ዓይን እስከሚደርስ ተዘርግቶ፣ ኮምባይነሮቹ ቤት የሚያክል ገላቸውን እየጎተቱ ሲያጭዱ አየሁ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ድሬ አንድ ጆንያ ስንዴ ሲራገፍ እናያለን እንጂ ስንዴ ምድር ሲሞላ መች እናውቃለን! አጠገቤ ተቀምጣ የጉዞዬን ምክንያት የነገርኳት ልብስ ነጋዴ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ሰምታ የራሷን ሹራብ አወለቀች።

«አይ፣ ደህና ነኝ» አልኳት።

«ዝም ብለሽ ልበሺ! በሽታ ላጠና መጣሁ ብለሽ በሽተኛ ልትሆኚ ነው?» አለችኝ። አሰላ ስንወርድ ብመልስላትም አልቀበልም ብላ ሄደች። ሹራቡ ይኸው አሁንም እኔ ዘንድ አለ፤ እዚህ ግን ማን ይለብሰዋል።

አሰላ ላይ የተቀበለኝ የልብ ሐኪሙ ዶክተር ገመቹ ነው። በስልክ እንጂ በአካል አንተዋወቅም ነበር። ጢሙ ገና መሸበት የጀመረ፣ ምሳ ሲበላ እንኳ ጣቱ ጠረጴዛው ላይ የልብ ምት የሚመታ ሰው ነው። ጭላሎን በመስኮት እያሳየኝ ስለ አንዲት ታካሚው ነገረኝ። ብርቱካን ትባላለች፤ ዲክሲስ ነው የምትኖረው። ባሏ እህል ነጋዴ ስለሆነ በመኸር ከገበያ ገበያ ይዞራል፣ እሷ ከአማቷ ጋር ናት። በልብ አልትራሳውንድ አይቷታል፤ የሳንባ ደም ግፊት እንዳለባት ጥርጥር የለውም።

«መድኃኒት ጀምራለች?» አልኩት።

«ቤት ውስጥ ያመናት የለም። ክንዷ ላይ ሲለካ ደህና ነው፣ ትኩሳት የላት፣ አትከሳ። አማቷ ‹ስንፍና ነው› ብለዋል፣ አለቀ። ክትትል ልትመጣ ስትነሣ ‹ለመንሸራሸር ነው› ይሏታል። እሷም መምጣቱን ተወችው።» ከዚያ ጣቱን አቆመ። «ደም ለመስጠት እሺ ብላለች፤ ግን አንድ ነገር ጠይቃለች። ደሟ ውስጥ የምታዪውን እዚያው ቤቷ፣ አማቷ ፊት እንድታሳዪላት።»

«በደስታ!» አልኩ፣ ሳላስብ። ስደሰት አፌ ከራሴ ይቀድማል።

ያደርኩበት ፔንሲዮን ሦስት ብርድ ልብስ ሰጠኝ። ሦስቱንም ለበስኳቸው። ድሬ ብርድ ልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ የሚቀመጥ የጥሎሽ ዕቃ ነው።

ረቡዕ በዶክተር ገመቹ መኪና ወደ ዲክሲስ ሄድን። መንገድ ላይ አንድ ኮምባይነር ከፊታችን ገብቶ ግራ ቀኝ ሞላው። በእግር ከሚሄዱት ሰዎች ጋር እኩል እያዘገምን፣ አንዲት ሴትዮ በመስኮት ሰላም ብላን፣ ስለ ዘመድ አዝማድ ጠይቃን፣ ጥላን አለፈች።

የብርቱካን አማት አዴ ጫልቱ በራፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። አዴ በኦሮምኛ ሴትን የሚያከብሩበት መጠሪያ ነው። ቀጥ ያለ ቁመና፣ የሻሞላ ያህል የሚያስፈራ ዓይን አላቸው። እኔን ሲያዩ ግን ዓይኑ ሳቀ። «አካም ቡልተን! ይቺ ናት የድሬዋ ልጅ? ምነው እንዲህ ተኮማተርሽ? ግቢ፣ ግቢ!» ብለው ጋቢ አለበሱኝ፣ ትኩስ ወተት አስያዙኝ፣ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ብርቱካን ከጓዳ ብቅ ስትል ድምፃቸው ወዲያው ተለወጠ። «ቆመሽ እንግዳ ትቆጥሪያለሽ እንዴ?»

ብርቱካን አርባ ያልሞላት፣ ፊቷ ክብ የሆነ ሴት ናት። ሰላም ስትለኝ ዓረፍተ ነገሯን ለሁለት ከፍላ፣ መሃሉ ላይ አየር ስባ ነው የጨረሰችው። ከጓዳ እስከ እኔ ድረስ ስድስት ሰባት እርምጃ ቢሆን ነው።

ዶክተሩ ፈቃዷን እንደገና ጠይቆ፣ ደሙን ስቀዳ አጠገቤ ቆሞ፣ ዓርብ ተመልሶ እንደሚወስደኝ ነግሮኝ ወደ ታካሚዎቹ ሄደ። ለማነጻጸሪያ የራሴንም ደም ቀዳሁ። እህል ከሚቀመጥበት ክፍል ጠረጴዛ ላይ ነጮቹን ከቀዮቹ ለይቼ፣ ኩባያዎቹን አዘጋጅቼ ጠበቅሁ። አዴ ጫልቱ በርጩማቸውን ይዘው መጥተው እንደ ዳኛ ተቀመጡ። ብርቱካን ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

ሰዓቱ ሲደርስ አየሁ። ወንፊቱን ያለፈ ሕዋስ የለም። ጠበቅሁ፣ ደግሜ አየሁ። ምንም።

«ምን አገኘሽ?» አሉ አዴ ጫልቱ።

«እስካሁን... ምንም።»

«ምንም የላትም ማለት ነዋ» አሉና ተነሡ። ድምፃቸው ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ የተፈረደ ነገር የሚናገር ሰው ድምፅ ነበር። ብርቱካን ውጪ ወጥታ ውኃ የሞላ ጀሪካን አንሥታ ወደ ጓዳ ስትገባ ከንፈሯ ጠቁሮ አየሁት። ደግ ላደርግ መጥቼ ያለችበትን አባስኩባት።

ሲመሻሽ እጄን ልታጠብ ወጣሁ። ጣቶቼ ደንዝዘው የሹራቡን ቁልፍ መፍታት አቃተኝ። እዚያው በቆምኩበት ነገሩ ብልጭ አለልኝ። የብርቱካን ደም ብቻ አይደለም፤ የእኔ ሕዋሳትም አልተንቀሳቀሱም! ሮጬ ገብቼ ቴርሞሜትሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ካየሁት በኋላ የራሴን ግንባር በመዳፌ መታሁ። እነዚህ ሕዋሳት የሚሄዱት እንደ ሰውነት ሙቀት ባለ ሙቀት ነው። ለዚህ የሚሆን ማሞቂያ ሳጥን አለን፤ ሰኔ ላይ ሲበላሽብን ግን የድሬ ክፍል ራሱ ማሞቂያ ስለሆነ ኩባያዎቹን ጠረጴዛ ላይ ትተን እንሠራ ጀመር፣ ሳጥኑም ተረሳ። ሁለት ሳጥን በረዶ ተሸክሞ፣ ማሞቂያ ረስቶ፣ አርሲ ደጋ የሚወጣ ሰው ከድሬ ሌላ ከየት ይመጣል!

ጓዳ ገብቼ ለብርቱካን ነገርኳት። «ብርድ ነው ያስቀራቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የአንቺ ደም ገና ምንም አልተናገረም።»

«ነገ ደግሞ እንቢ ቢልስ?» አለችኝ።

ማባበያው ለአንድ ሙከራ ብቻ ነው የቀረው። ይህን አልነገርኳትም፤ እንሞክራለን ብቻ አልኳት።

ሐሙስ ጠዋት አዴ ጫልቱ ጭኮ አቀረቡልኝ፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ ነው። ድሬ በፉል የምጀምር ሴት፣ ሁለት ማንኪያ እንደበላሁ እስከ ማታ የሚበቃኝ መሰለኝ። እሳቸው ግን «ብዪ እንጂ፣ ወፍ ነሽ?» እያሉ ጨመሩልኝ። እኔ ሐሳቤ ሙቀት ላይ ነው። አምፖል አስቤ ነበር፤ የዛሬ አምፖል ያበራል እንጂ አይሞቅም። ምድጃ አጠገብ እንዳላደርገው አንዱ ጎን ይበስላል፣ ሌላው ይበርዳል። በዚህ መሃል ከጥግ ጭው ጭው የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእንጨት ሳጥን ነው፤ ግድግዳው ድርብ ሆኖ መሃሉ በስንዴ ጭድ ተጠቅጥቋል፣ ክዳኑም እንደዚያው። እጄን ሰደድኩ። ውስጡ ጫጩቶች ተቃቅፈው ተኝተዋል፣ ሙቀቱ ድሬ ነው! ጭኮውን ትቼ ተነሣሁ።

«እማማ፣ ይህን ሳጥን ለግማሽ ቀን ያውሱኝ።»

«ጫጩቶቼስ?»

«ፀሐይ ወጥቷል፤ ግቢ ይዋሉ።»

«ለምንሽ ነው?»

«የምራትዎን ደም ላሞቅበት።»

ሳቃቸውን ለቀቁት። «ደሟ ቀዝቃዛ ነው እያልሽኝ ነው? ታዲያ እኔስ ስንት ዘመን ምን እያልኩ ነው!» ብርቱካን መጥረጊያዋን እንደያዘች አንገቷን ደፋች። አዴ ጫልቱ ግን ሳጥኑን ራሳቸው ተሸክመው አመጡልኝ። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «የእኔንም ቅጂ። የሚሠራ ሰው ደም ምን እንደሚመስል ትየው።»

ቀልዳቸውን መስሎኝ ነበር፤ የምራቸውን ነው። ሳስበው ደግሞ ጥሩ ሐሳብ ነው። እኔ የቆላ ሰው ነኝ፤ እሳቸው ዕድሜያቸው ቢለይም ከብርቱካን ጋር አንድ አየር ይተነፍሳሉ፣ ከአንድ መሶብ ይበላሉ። ምን እንደማደርግበት አስረድቻቸው ከሁለቱም አዲስ ደም ቀዳሁ። ትንንሽ ጀሪካኖች ለብ ባለ ውኃ ሞልቼ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጥኩ፣ ቴርሞሜትሩን አስገባሁ። መጀመሪያ ሙቀቱን አብዝቼው ክዳኑን ከፍቼ አናፈስኩት፣ ልክ ሲመጣ ኩባያዎቹን አስገብቼ ዘጋሁ። ጫጩቶቹ ግቢው ውስጥ ቤታችንን ተቀማን እያሉ ይንጫጫሉ።

ሁላችንም ሳጥኑን ከበን ተቀመጥን። ልቤ ሙሽራ እንደሚጠብቅ ሰው ይመታል። አንድ ጊዜ ከፍቼ ልይ ስል አዴ ጫልቱ እጄን መታ አደረጉኝ፤ «እንቁላል ሲፈለፈል አይነካም!»

ሰዓቱ ደረሰ። በመጀመሪያ የአዴ ጫልቱን ኩባያ አየሁ። ጥቂቶቹ ወርደዋል፣ ብዙዎቹ ከላይ ናቸው። ሙቀቱ ሠርቷል! ከዚያ የብርቱካንን አስቀመጥኩ። አቦ! አቦ! ብዬ ጮህኩ፤ በራፉ ላይ የነበሩት ጫጩቶች ተበተኑ። ከታች ግጥም ብሏል። እየተዘረጉ፣ እየተሰበሰቡ፣ አንዱ ሌላውን እየታከከ ወደ ማባበያው ይጎርፋሉ። ኩባያዎቹን ያምታታሁ እንደሆነ ብዬ መለያቸውን ደግሜ አየሁ፤ አላምታታሁም። ስንት ዓመት በወረቀት ላይ ያነበብኩትን፣ በአይጥ ደም ያየሁትን፣ በአንዲት የአገሬ ሴት ደም ውስጥ ሲኖር አየሁት። የአንድ ሰው ደም ማስረጃ አይሆንም፣ ገና ብዙ ሰው ላይ መደጋገም አለበት፤ ይህን ሳውቅ ነው እንግዲህ እንደ ልጅ የዘለልኩት።

አዴ ጫልቱ ገፋ አድርገውኝ ተቀመጡ። መጀመሪያ የሚያዩበትን ዓይን ጨፍነው ሌላውን ከፈቱ፤ የራሳቸውን ሽፋሽፍት አይተው ተቆጡ። አስተካከልኩላቸው። «ያ ረቢ! የሚርመሰመሰው ምንድን ነው? የእኔ ነው?» አሉ።

«አይደለም፤ የብርቱካን ነው። የእርስዎ ይኸኛው ነው፣ ይዩት፤ ረጋ ብለው ተቀምጠዋል።»

አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ። እንደገና የብርቱካንን አስቀምጪልኝ አሉ። ከማይክሮስኮፑ ዓይናቸውን ሳያነሡ «ይቺ ልጅ ውስጧ እንዲህ ሲራወጥባት ነው የሚውለው?» አሉ። «እኔ ደግሞ ተቀምጣለች እላለሁ።»

ቸኩለው ከሚገባው በላይ እንዳያምኑኝ ፈራሁ። «እማማ፣ ሕመሙን ያረጋገጠው ይህ አይደለም። ሐኪሙ በልብ አልትራሳውንድ ያየው ነው ማረጋገጫው። ይህ ለምርምር ነው።»

«ሐኪሙን ሰምቼዋለሁ» አሉ። «ይሄንን ግን አየሁት።»

ቀጥላ ብርቱካን አየች። ብዙ ቆየች። ቀና ስትል ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ «እኔ እኮ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «አንዳንዴ የእውነት ሰነፍ ሆኜ ይሆን እል ነበር።» አዴ ጫልቱ ይህን ሰምተው ወጡ። ጫጩቶቻቸውን ሲሰበስቡ ረጅም ሰዓት ቆዩ።

ዓርብ ዶክተር ገመቹ በጠዋት መጣ። ነገርኩት፤ ጣቱ የማይክሮስኮፑ ሳጥን ላይ መምታት ጀመረ። ብርቱካንን አዳመጣት፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ሰጣት፣ መድኃኒቱ ሕመሙን ባያጠፋውም እንደሚያቀልላት ነገራት። አዴ ጫልቱ አንድ ዕቃ ሙሉ ጭኮ አሸክመውኝ «ለአክስትሽ ነው» አሉኝ፤ ስለ አክስቴ መቼ እንደነገርኳቸው አላስታውስም። ያሳየሁት ነገር በልባቸው ይቆይ አይቆይ ለማወቅ ፊታቸውን ብመለከትም ምንም አላገኘሁበትም።

ዕቃ እየጫንን ሳለ ሴቶች ጆንያና ወንፊት ይዘው በበሩ ሲያልፉ አንዷ ቆመች። ተራ በተራ እየተሰባሰቡ የየቤቱን ስንዴ የሚያበጥሩ ጎረቤታሞች ናቸው።

«አዴ ጫልቱ!» አለች ሴትዮዋ። «ብርቱካን ዛሬስ ትመጣለች ወይስ እንደ ልማዷ ነው?» የቀሩት ሴቶች ከንፈራቸውን ይዘው ሳቁ።

ብርቱካን አጠገቤ ነበረች።

አዴ ጫልቱ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። «ምራቴ ታማለች» አሉ፣ መንገዱ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው። «ሳንባዋን ነው። እሷ ትረፍ፤ በእሷ ፈንታ እኔ መጥቻለሁ።» ከጓዳ ወንፊታቸውን አንሥተው ከሴቶቹ ፊት ፊት መራመድ ጀመሩ።

ብርቱካን ክንዴን ጥፍሯ እስኪወጋኝ ጨበጠችው። እንባዋ እየወረደ ትስቃለች።

«ሰማሽ?» አለችኝ። «ታማለች አሉ!»